ብሎኑን የገጠመ ይጫንበታል

በ1967 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። የጋሽ ሙሄ የጎማ ሥራ ረዳት ነበርኩ፤ መካነ ሰላም ላይ። እንደዚያ ወር ፈርቼ አላውቅም፤ ፍርሃቱም እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ይኼን የምጽፈው ጎማ ቤቴን ስለዘጋሁ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ጎልማሳ ከገጠር በኩል ትራክተር ይዞ መጣ። ጨዋ ሰው ነው።

«አባባ፣ ዋልካው አላስነዳ አለኝ። ድሮ የጎማው ጥርስ ላይ ብሎን ያስገቡ ነበር ሲሉ ሰማሁ። ይግጠሙልኝ» አለኝ።

«አልገጥምም።»

«እርስዎ ካልገጠሙ ማን ይገጥማል?»

«ማንም።»

ሦስት ጊዜ ለመነኝ፣ ሦስት ጊዜ እምቢ አልኩት። ሰውየው ሲሄድ የያዝኩትን የብሎን መፍቻ ቁልፍ ላስቀምጥ ብል ጣቶቼ አልፈታ አሉኝ። በማግሥቱ ቤቱን ዘጋሁ። ልጄ «አባዬ፣ ሰው ብሎን ጠየቀ ተብሎ ቤት ይዘጋል?» አለችኝ። ይዘጋል። ለምን እንደሚዘጋ ግን አፌን ከፍቼ ልነግራት አልቻልኩም። ስለዚህ ጻፍኩት። ፊደል የቆጠርኩት እስር ቤት ነው፤ ሀሁን ከሐሑ ብቀላቅል አትፍረዱብኝ።

ሥራዬን ከኋላ ልጀምር፤ ይቀለኛል። ከእስር ስወጣ መንገድ ሥራ ቀጠረኝ። መጀመሪያ አጅባር መደቡኝ። እዚያ አለቃዬ የነበረው ቀጭን ሰው ጎማ ተቀደደ ሲባል ቀዳዳውን ሳይሆን ወረቀቱን ነበር የሚያየው። «በምን ተቀደደ? በየትኛው ኪሎ ሜትር?» ይላል፤ ወረቀቱ ሳይሞላ ጎማ አይነፋም። አንድ ቀን የራሱ መኪና ጎማ ተነፈሰ። ወረቀቱን ይዤ ሄጄ «በምን ተነፈሰ?» አልኩት። አንድ ወር አላናገረኝም።

ቀጥሎ ኩታበር ሄድኩ። የኩታበሩ አለቃ ደግ ሰው ነበር፤ ደግነቱ ግን እስከ ቀትር ነው፤ ከቀትር በኋላ ጠላ ቤት ነው የሚገኘው። አንድ ጠዋት ጎኑ የተሰነጠቀ ጎማ አምጥቶ ሠራተኛ የሚጭነው መኪና ላይ ግጠም አለኝ።

«እገጥማለሁ፤ እኔም እስከ ደሴ እጫንበታለሁ። እርስዎም ከጎኔ ይቀመጣሉ» አልኩት።

ጎማውን አየ፣ እኔን አየኝ። «አንተ ግትር፣ አዲስ ጎማ አውጣ» አለ። ግትርነቴን ያመጣሁት ከየት እንደሆነ አላወቀም።

ከዚያ ደጎሎ። ጡረታ የወጣሁት እዚያ ነው፤ የራሴን ጎማ ቤት የከፈትኩትም እዚያው ነው፤ ምክንያቱም ይማም እዚያ ሱቅ ነበረው። ይማም ድሮ ትራክተር ነጂ ነበር፤ ጓደኛዬ ነበር። እስኪሞት ድረስ በግራ እግሩ ያነክስ ነበር፤ ምላሱ ግን አላነከሰችም። በየማለዳው በደጄ ሲያልፍ «ታዴ፣ ዛሬስ ትጫናለህ ወይስ ትቀራለህ?» ይለኛል። ሰው ቀልድ ይመስለዋል፣ ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ።

እንግዲህ ሸሽቼ ሸሽቼ ወደ ነገሩ ደረስኩ።

ጋሽ ሙሄ አጭር፣ ጠይም፣ ግራ ጆሯቸው የማይሰማ ሰው ነበሩ። ጆሯቸው የጠፋው በወጣትነታቸው ደሴ ጣሊያን ጋራዥ ሲሠሩ ጎማ ፈንድቶባቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ጎማ ሲነፉ የማይሰማውን ጆሮ ነው ወደ ጎማው የሚያዞሩት። «ይኼኛው የተበላ ነው፤ ካሻው ይድገመው» ይላሉ። ሥራ ሲጨርሱ «አለቀ» አይሉም። ጎማውን ሦስት ጊዜ ይዞሩታል፤ አንዴ በዓይናቸው፣ አንዴ በመዳፋቸው እየዳሰሱ፣ አንዴ በአፍንጫቸው። አዎ፣ ያሸቱታል። የተቃጠለ ጎማ ሌላ ይሸታል፣ ያረጀው ሌላ፣ ናፍጣ የነካው ሌላ።

አንድ ሕግ ነበራቸው፦ የገጠመ ይጫንበታል። የገጠሙትን ጎማ ይዞ የሚሄደው መኪና ላይ ወጥተው እስከ መጀመሪያው ክፉ ቦታ አብረው ይሄዳሉ፤ ከዚያ ወርደው በእግራቸው ይመለሳሉ። ዝናብም ቢሆን፣ ረመዳንም ቢሆን። «ሹፌሩ የሚሄደው በእጄ ላይ ነው። እጄ በሄደበት እኔ ካልሄድኩ ሌባ ነኝ» ይሉኝ ነበር። ሰው ስቆባቸዋል። እሳቸው ግን አልተዉም።

እኔን የወሰዱኝ በ65 ነው፤ የአባቴ በሬዎች ካለቁ፣ እኔም ከቤት ከወጣሁ በኋላ። «እጅህን አሳየኝ» አሉኝ። አሳየኋቸው። «ይንቀጠቀጣል» አሉ። «ርቦኝ ነው» አልኩ። «እንግዲያው ብላና ደግመህ አሳየኝ።» ቅጥሬ ይኸው ነበር።

በ67 መስከረም ላይ ሦስታችንን፣ ጋሽ ሙሄን፣ ይማምንና እኔን፣ ይማም ከሚነዳው ትራክተር ጋር የእርዳታ ሰዎች ወደ ላይኛው ደጋ ወሰዱን። ነገሩ እንዲህ ነው። ከደሴ የሚመጣው የእርዳታ እህል በትልልቅ መኪና እስከ አፋፉ ይደርስና እዚያ ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ይራገፋል። ከአፋፉ ታች፣ ቆላው አፍ ላይ፣ የተራበው ሰው የተሰበሰበበት መጠለያ አለ። ትልቁ መኪና መውረድ አይችልም። አህያው አልቋል። የሚወርደው ተሳቢ የሚጎትት ትራክተር ብቻ ነው፤ የሚወርድበትም ሹፌሮች እግር ሰባሪ ያሉት ቁልቁለት ነው። በግራ ግድግዳ የሚያህል ዓለት፣ በቀኝ ገደል፣ መሬቱ ወጥ ድንጋይ።

በረዶ ሲባል ሰው በክረምት ከሰማይ የሚወርደውን ብቻ ያስባል። ላይኛውን ደጋ የማያውቅ ነው እንዲህ የሚለው። በኅዳር ምንጩ ከዓለቱ ሥር ወጥቶ ድንጋዩ ላይ ይፈሳል፤ ሌሊት ውርጩ ይይዘዋል፤ ጠዋት መንገዱ እንደ መስተዋት ነው። ፀሐይ እዚያ ጥግ የምትደርሰው በስድስት ሰዓት ነው። እስክትደርስ ከጠበቅን በቀን ደርሶ መመለስ የለም። ታች ያለው ሰው ደግሞ መጠበቂያ ጉልበት አልነበረውም። ትራክተሩ አንድ ቀን ከቀረ በማግሥቱ ያስታውቃል፤ ጠዋት በሰሌን የሚጠቀለለው ይበዛል። ቁጥር አልጽፍም። አልቆጠርኩም፤ ዓይኔን አዙሬ ነበር የማልፈው።

የመጀመሪያው በረዶ የያዘ ቀን ትራክተሩ ገና ቁልቁለቱ አፍ ላይ ሲደርስ ተንሸራቶ ዓለቱን ገጨ። ጋሽ ሙሄ መሬቱን በጫማቸው ፈተጉት፣ ጎማውን ዳሰሱት፣ ከዚያ ከወደቀ የጭነት መኪና መጫኛ ጣውላ ላይ ብሎን እንድፈታ ላኩኝ። ጣሊያን ጋራዥ ሳሉ አንድ ከበረዶ አገር የመጣ መካኒክ ዘዴውን አሳይቷቸው ኖሯል።

ሥራው እንዲህ ነው። የትራክተር ጎማ ጥርሱ ወፍራም ነው። በያንዳንዱ ጥርስ ላይ በእጅ በሚዞር መሰርሰሪያ፣ በትራፓኖ፣ ቀጭን ቀዳዳ ይቦረቦራል። ቀዳዳው ከብሎኑ መቅጠን አለበት፣ ጎማው ብሎኑን አንቆ እንዲይዘው። ጥልቀቱን ጋሽ ሙሄ የሚለኩት በምስማር ነው፤ ምስማሩ ላይ ቀይ ክር አስረዋል፤ ክሩ ከጎማው ፊት ጋር ሲተካከል ይቆማል። ከዚያ ካለፈ በጎማው ውስጥ ያለውን ሸራ ይወጋል፤ ከሸራው ሥር አየር የያዘው ካላማዳሪያ አለ። ከዚያ አጭሩ ብሎን በቁልፍ እየተጠመዘዘ ይገባል፤ ጭንቅላቱ ብቻ ውጭ ይቀራል። በረዶውን የሚነክሰው ያ ጭንቅላት ነው።

ብሎኑ ከመግባቱ በፊት በሳሙና ውሃ ይነከራል። ሳሙና ሲገባ ያንሸራትተዋል፣ ሲደርቅ ይይዘዋል። «ቅባት እንዳታስጠጋ» አሉኝ ጋሽ ሙሄ፣ ጣታቸውን አፍንጫዬ ላይ አድርገው። «ቅባት ለጎማ ጠላቱ ነው። እንዳስገባው ያስወጣዋል።»

የመጀመሪያውን ቀን ሁለታችንም ከኋላ ጎማዎቹ በላይ ያለው የጭቃ መከለያ፣ ፓራፋንጎው ላይ ወጣን፤ እሳቸው በግራ፣ እኔ በገደሉ በኩል። ብሎኑ ድንጋዩን ሲነክስ ቅጭ ቅጭ ቅጭ ይላል፣ በቅሎ ናል በተመታ ኮቴዋ ድንጋይ ላይ የምትሄድ ይመስል። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ጋሽ ሙሄ!» ይላል ይማም መሪውን እንደያዘ፣ «ይኼ ልጅዎ ገደሉን እየተሳለመው ነው!»

«ተወው፣ እየጸለየ ነው።»

«ለማን ነው የሚጸልየው? የሱም አምላክ የኛም አላህ ዛሬ አፋፉ ላይ ቀርተዋል፤ እዚህ ማን ይወርዳል ብለው!»

«አፍህን ያዝና መንገዱን እይ» አሉ ጋሽ ሙሄ። «ታደሰ፣ አብሽር። ድምፁን ስማ። ቅጭ እስካለ ድረስ ይዟል።»

ወረድን። በየቀኑም ወረድን። ብሎኑ ድንጋይ እየበላው ጭንቅላቱ ያልቃል፤ በየሦስት በየአራት ቀኑ እንለውጣለን። እኔም በየቀኑ ፓራፋንጎው ላይ እወጣለሁ፣ በየቀኑም ዓይኔን እጨፍናለሁ። ሰው ይለምደዋል ይላሉ። ውሸት ነው። እኔ በየቀኑ ባሰብኝ እንጂ አልለመድኩትም።

ከዚያ ጋሽ ሙሄን ተስቦ ያዛቸው። በመጠለያው በሽታው ገብቶ ነበር። መጋዘኑ ጥግ ባለች ክፍል አስተኛናቸው። ብሎን መለወጡ በኔ ላይ ወደቀ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ቆዳ የሚልጥ ነበር። ሳሙናው አልቋል፤ የቀረውን ለበሽተኞች ልብስ ታች ወስደውታል። በደረቁ ልጠመዝዝ ብል ብሎኑ ግማሽ ገብቶ ይቆማል፤ ቁልፉ ከእጄ እያመለጠ ሁለት ጊዜ ጣቴን ላጠው። የግሪስ ቆርቆሮ ከእግሬ ሥር ነበር። አንዷን ብቻ ብዬ ነካ አደረግኩ። ቅቤ ውስጥ እንደሚገባ ገባች። ሁለተኛዋን ነካሁ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁለቱንም የኋላ ጎማ ጨርሼ ነበር። ደስ አለኝ። እጄ በረታ ብዬ ኮራሁ። ሦስት ጊዜ ግን አልዞርኩትም።

ጠዋት ይማም ሞተሩን አስነስቶ ጠራኝ።

«ና ውጣ! ቦታህ ቀዝቅዛ ትጠብቅሃለች።»

«ዛሬ ጋሽ ሙሄን ላስታምም ነው። ብቻቸውን ናቸው።»

አየኝ። «ልብህ ናት ታማሚዋ። ለሷ ውሃ አጠጣልኝ» ብሎ ሄደ።

እውነቱን ልናገር። የቀረሁት ግሪሱን ፈርቼ አልነበረም፤ ግሪሱ ይይዛል ብዬ አምኜ ነበር። የቀረሁት ስለፈራሁ ብቻ ነው። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከልካይ አልነበረኝም።

አፋፉ ላይ ቆሜ ስሰማ ነበር። ቅጭ ቅጭ ቅጭ። ትራክተሩ ከእጥፋቱ ወዲያ ተሰወረ፤ ድምፁ ግን ይመጣል። ቅጭ ቅጭ። ቆይቶ ሳሳ። ቅጭ... ቅጭ። ከዚያ ሞተሩ እየጮኸ ብሎኑ ዝም አለ። በሕይወቴ ከሰማሁት ድምፅ ሁሉ ያ ዝምታ ይበልጥብኛል። ከዚያ ብረት ዓለት ሲገጭ ሰማሁ፤ ቀጥሎ ገደሉ ውስጥ ረጅም መንከባለል።

ሮጬ ስደርስ መንገዱ ላይ ብሎኖቼ ተበትነው ነበር፤ በረዶው ላይ እንደ ባቄላ። ተሳቢው ከነእህሉ ገደል ገብቷል። ተሳቢውን የሚያያይዘው ፒን በመሰበሩ ትራክተሩ ተርፎ ዓለቱ ላይ ተደግፏል። የይማም ግራ እግር በዓለቱና በፓራፋንጎው መካከል ነው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ታዴ» አለኝ። «ቦታህ ባዶ ነበረች። ገደሉ ሊቀመጥባት መጣ።»

በቃሬዛ ተሸክመን አወጣነው። እህሉን የሚጠብቁት ወታደሮች አዛዥ አንድ ሃምሳ አለቃ ነበር፤ መጥቶ ከላዩ ላይ ቆመ።

«ሠላሳ ኩንታል የሕዝብ እህል ገደል ገባ። ማነው የላከህ?»

«በረዶው ነው የላከኝ፣ ሃምሳ አለቃ።»

«ትቀልዳለህ? ትናንት ወረደ፣ ከትናንት ወዲያ ወረደ። በረዶው ትናንት አልነበረም? ብሎን ራሱን በራሱ አይፈታም፤ የሚፈታው ሰው ነው። ይኼ አሻጥር ነው።»

«እኔን ካላመኑኝ እግሬን ይጠይቁት።»

ሃምሳ አለቃው አልሳቀም። እግሩ የተሰበረውን ሰው እጁን አሰረው። «ነገ ጠዋት የእህሉ መኪና ሲመለስ ደሴ ይሄዳል። እዚያ ይናገራል» አለ።

ያን ወር ሬዲዮው የሚያወራው ስለ ተረሸኑ ሰዎች ነበር፤ ትልልቆቹ ሹማምንት እንኳ አልቀሩም። እኛ ማን ነን? ደሴ ይናገራል ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ሦስት ክንድ አይርቀኝም። አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገው። ያቺን ቃል ሳልናገር ዞሬ ሄድኩ።

ወደ ጋሽ ሙሄ ገባሁ። ዓይናቸው በትኩሳት ቀልቷል። ከመንገዱ ያነሳኋትን አንዲት ብሎን መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩ። በጣታቸው አገላበጧት፤ ከዚያ ወደ አፍንጫቸው አስጠጓት።

ግሪሱን በአውራ ጣታቸው ጠረጉት።

«ሳሙና የለም ነበር» አልኩ።

«ሳሙና ባይኖር ምራቅህ የት ሄደ?»

ቁልፉ የላጠውን ጣቴን ደበቅኩ።

«ተጭነህ ነበር?» አሉኝ።

«አልተጫንኩም።»

«ይማምስ?»

«እግሩ ተሰብሯል። ነገ ደሴ ሊወስዱት ነው። አሻጥር ነው ብለዋል።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ብርድ ልብሱን ገፈፉና ቁጭ ለማለት ታገሉ።

«ኮቴን አቀብለኝ።»

«የት ሊሄዱ ነው?»

«ሃምሳ አለቃው ዘንድ። ጎማው የኔ ነው። የገጠምኩት እኔ ነኝ እላለሁ።»

«ጋሽ ሙሄ፣ ይተኙ እባክዎ! አልገጠሙም እኮ!»

«ያስተማርኩህ እኔ አይደለሁም? እጅህን እጄ አይደለም የሠራው?» አሉና ሁለት እግራቸውን መሬት አስነኩ። ቆሙም። አንድ እርምጃ ሄደው ክንዴ ላይ ወደቁ። ክብደታቸው ከአንድ ካላማዳሪያ አይበልጥም ነበር። መልሼ ሳስተኛቸው «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ይሉ ነበር፤ ለሕመማቸው ይሁን ለኔ አላወቅኩም። ኮታቸውን ደረታቸው ላይ አድርጌ፣ ብሎኗን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ በሕይወት አላየኋቸውም። ሲቀበሩ ደሴ ታስሬ ነበር። ቀይ ክር ያለበትን ምስማር ይማም ነው ያቆየልኝ። አሁን ይኼን ስጽፍ ጠረጴዛው ላይ አለ።

ያን ማታ አልሸሸሁም፤ ግን ጀግኜ እንዳይመስላችሁ። መሸሻ ስላላገኘሁ ነው። ወደ ላይ ብሄድ ብርዱ ይገድለኛል፣ ወደ ታች ብሄድ መንገዱ እግር ሰባሪ ነው። ደግሞ አንድ ነገር ደጋግሞ ይመጣብኛል፤ ጋሽ ሙሄ ጠዋት ደግመው ይነሳሉ፣ በዚህኛው ግን እስከ በሩ ይደርሳሉ።

በማግሥቱ ጠዋት በረዶው እንደ ትናንቱ ነጭ ሆኖ አደረ። የእህሉ መኪና ባዶውን ሊመለስ ሞተሩን አስነስቷል። ይማምን ከነቃሬዛው ጭነውታል፤ ሁለት ወታደሮች ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል። ሃምሳ አለቃው ከሹፌሩ ጎን ሊገባ በሩን ከፍቷል። ሄድኩና ፊቱ ቆምኩ።

«ምን ፈለግህ?»

ብሎኗን ከኪሴ አውጥቼ እጁ ላይ አኖርኩ።

«ያሽትቷት» አልኩት።

«ምን?»

«ያሽትቷት ጌታዬ። ግሪስ ነው። የቀባሁት እኔ ነኝ፤ የገጠምኩትም እኔ ነኝ። ሳሙና አጥቼ ነው። የላከኝ የለም። ሹፌሩ አያውቅም፤ የታመሙት ሽማግሌም አያውቁም።»

ብሎኗን አሸተተ። እኔን አየኝ። ከመኪናው ላይ ይማም ጮኸ፦ «አትስሙት! ይኼ ልጅ ፈሪ ነው፤ ፈርቶ ነው የሚቀባጥረው!»

«ፈሪስ ነኝ» አልኩ።

ሃምሳ አለቃው በእጁ ምልክት ሰጠ። የይማምን እጅ ፈቱት፤ ቃሬዛውን በአራት ሰው አወረዱት። በአጠገቤ ሲያሳልፉት ቀና ብሎ እጄን ያዘኝ፤ ምንም ቀልድ አልነበረውም። በዚያው ገመድ የኔን እጅ አሰሩት።

መወጣጫው ከፍ ያለ ነበር፤ እጅ ታስሮ አይወጣም። አንዱ ወታደር ከኋላ ገፋኝ። ይማም ተኝቶበት የነበረው ጣውላ ገና አልቀዘቀዘም። እዚያው ላይ ተጫንኩ።